ለአንድ ዶሮ ይህ ሁሉ?

«ቲቸር፣ ለአንድ ዶሮ ይህ ሁሉ?» ሰሞኑን ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሰፈር ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ በስልክ ጭምር። እንግዲህ አንድ ጊዜ በደንብ መልሼ ልገላገል።

አዎ፣ ለአንድ ዶሮ ይህ ሁሉ። ይገባዋል ባይ ነኝ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስቀምጥ፤ ዶሮ ወጥ እወዳለሁ። ለፋሲካም ለገናም ቤቴ ዶሮ ይታረዳል። «ጋሼ ደግሞ በእርጅናቸው ሥጋ አትብሉ ሊሉን ነው» ብሎ የፈራ ካለ ይረጋጋ። የኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው። ዶሮ ሲታመም ወይም ሲቆስል አእምሯችን ውስጥ የሚመጡት መፍትሔዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ሳይሞት ቶሎ እረዱት» እና «ሳይታወቅበት ቶሎ ገበያ አውጡት»። ሁለተኛው ነውር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ሒሳቡን ሳንሠራ ቢላ እንስላለን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን የጓሮ አጥር የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሦስት ልጆች በጉልትና በእንቁላል የምታሳድግ ሴት ናት። ዘጠኝ ሴት ዶሮና አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አላት። ባለፈው የጥቅምት ብርድ አንድ ባለቤት አልባ ውሻ አጥር ሾልኮ ገብቶ ያንን አውራ ዶሮ ያዘው። ሲያስጥሉት ከጀርባው እስከ ጭራው ሥር ቆዳው ተቦጭቆ ሥጋው ይታያል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ፍርዱም ባንድ ድምፅ ተሰጠ፦ ይታረድ። ትልቁ ልጇ፣ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ዶሮውን በሹራቡ ጠቅልሎ በሬን አንኳኳ። «ቲቸር፣ እርስዎ ባዮሎጂ አይደል የሚያስተምሩት የነበረው?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ፈተና ቀርቦልኝ አያውቅም።

በማግስቱ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ አስፈላጊም አይደለም። የተቀበለን ባለሙያ ሳቀብን። «እኔ እኮ በግ ያመጣችሁ መስሎኝ ነበር! የዚህ መድኃኒት ከዋጋው ይበልጣል፤ ወጥ አድርጉት» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዶሮውን እንኳ ገልጦ አላየውም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የተናደድኩት በመሳቁ አይደለም፤ ሒሳቡ ስሕተት ስለሆነ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው እስቲ። ሴት ዶሮ ያለ አውራ ዶሮም እንቁላል ትጥላለች፣ ይህ እውነት ነው። ግን ያ እንቁላል ጫጩት አይሆንም። አውራው ከሞተ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት የሚፈለፈል እንቁላል ሊገኝ ይችላል፣ ከዚያ በቃ። አንድ ጤነኛ አውራ ዶሮ ደግሞ ለአሥር ያህል ሴቶች ይበቃል። ስለዚህ ያ ገብስማ የዘጠኝ ዶሮዎች የመጪው ዓመት ጫጩት ሁሉ ነው፤ ደብተር ነው፣ የትምህርት ቤት ጫማ ነው። ሌላ ይገዛል እንዳትሉኝ፤ የአውራ ዶሮ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ደግሞም ከገበያ የሚመጣው አዲስ ዶሮ ምን በሽታ ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? በአንድ ሌሊት መንጋውን ሊጨርስ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙዎቻችሁ «ምን አደረጋችሁለት?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ሌሊት የቁስል ጉዳይ አይደለም፣ የድንጋጤ ጉዳይ ነው። ውሻ ያናወጠው ዶሮ ከቁስሉ በፊት ድንጋጤውና ብርዱ ሊገድሉት ይችላሉ። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፍን፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተን በፎጣ ጠቅልለን ከጎኑ አስተኛን፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀመጥነው። የደብረ ብርሃንን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠርሙሱ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት። ሰው እየመጣ ካርቶኑን እየከፈተ እንዳያይም ከለከልኩ። (ይህ ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነበር፤ ሰፈራችን ለማየት ያለው ጉጉት ልዩ ነው።)

አንዷ ጎረቤት ዶሮውን ዳስሳ «ኧረ ይህ ትኩሳት ይዞታል!» አለች። አልያዘውም። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በኛ እጅ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ሲቀዘቅዝ፣ የአናቱ ቀይ ሥጋ ሲገረጣ ወይም ሲጠቁር ነው።

ውሃ። እባካችሁ የደከመ ዶሮ አፍ ከፍታችሁ ውሃ አትጋቱት። የመተንፈሻው ቀዳዳ እዚያው ምላሱ ሥር ነው ያለው፤ በደግነት የተጋተ ውሃ ቀጥ ብሎ ሳንባ ይገባል። ልጁ በጣቱ ጫፍ ጠብታ እያንጠለጠለ የአፉን ጎን ብቻ ሲያረጥብለት ነበር፤ ዶሮው ራሱ ይውጣል። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ስኳርና ቁንጥር ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። ምግቡን የጀመርነው በተቀቀለ እንቁላል ነው፤ አድቅቀን። «የራሱን ልጅ!» ብለው ያማተቡ አሉ። ፕሮቲን ነው፣ ምንም አይሆንም። አቮካዶ ግን አትስጡ፤ ለወፍ ዘር መርዝ ነው።

ቁስሉን ያጠብነው በጨው ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ቀስ እያሉ መርጨት። በዙሪያው ያለውን ላባ በመቀስ ማሳጠር እንጂ መንቀል የለም። ከዚያ ቢጫ ቡኒውን አዮዲን በውሃ አቅጥኖ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ፣ መቀባት። በቃ። አረቄ የለም፣ አመድ የለም፣ ናፍጣ የለም። ናፍጣ ይዞ የመጣ ሰው ነበረ፣ በክብር ሸኘሁት።

ዝንብ ትልቁ ጠላት ነው፤ በአንድ ቀን ትል ሊያፈላ ይችላል። ስለዚህ ቀን ቀን በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው። ሁለተኛው ጠላት የራሱ ሚስቶች ናቸው። ዶሮ ቀይ ቁስል ካየች ትኮረኩማለች፤ ባል አትል፣ ልጅ አትል። የቆሰለ ዶሮ ቆዳው እስኪደርቅ ድረስ ለብቻው መሆን አለበት። ግን እንዲተያዩ በሽቦ ወንፊት ለያየናቸው፤ ጨርሰው ከተለያዩ ሲመለስ እንደ ባዕድ ይጣሉታል።

የውሻና የድመት ንክሻ ግን በጨው ውሃ ብቻ አይታለፍም፤ ጥርሳቸው ጀርም ወደ ውስጥ ይከታል። እዚህ ላይ ያዳነን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኗል፣ ሩቅ ነው ያለው፣ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። በቴሌግራም ፎቶ ላክንለት፣ ዶሮውን መዝኑት አለን፣ መድኃኒቱን በክብደቱ ልክ አዘዘልን፣ ስንት ቀን እንደሚሰጥ ነገረን፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስም ዶሮው ለምግብ እንዳይውል አስጠነቀቀን። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛ የነበረ ልጅ ነው። አንተ ልጅ፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የወሰድኩብህን አምስት ማርክ መልሻለሁ።

ይህን ያነሣሁት ለምክንያት ነው። የብዙዎቻችን ቤት «ሕክምና» ከሱቅ ወይም ከጎረቤት የተገኘ የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ውሃ ውስጥ መበተን ነው። ምን ያህል? እንዳመጣ። ለስንት ቀን? ካፕሱሉ እስኪያልቅ። ካልተሻለው? ይታረድና ይበላል፣ መድኃኒቱም አብሮ። ዶሮን የሚገድሉ ትልልቆቹ በሽታዎች ብዙዎቹ ቫይረስ ናቸው፤ ይህ መድኃኒት አይነካቸውም። የሚነካው ጀርሞችን ነው፣ እነሱንም በጎደሎ መጠን እያለማመደ። ነገ ያው መድኃኒት ለልጃችሁ ሲያስፈልግ እንዳይሠራ እያደረግን ነው። ባለሙያው በር ላይ ስቆ ሲመልሰን የሚልከን ወደዚሁ ካፕሱል ነው፤ ቅሬታዬ ይህ ነው። ድሃ ሴት ዶሮዋን ይዛ ስትመጣ «ወጥ አድርጊው» ማለት ምክር አይደለም።

ዶሮው በአሥራ አንደኛው ቀን ጮኸ። ድምፁ ሻክሮ ነበር፣ ሰዓቱንም ስቶ ነበር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፤ ግን ጮኸ። ቁስሉ እስኪደፈን ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። አሁን ላባው እየተመለሰ ነው፣ ጀርባው ላይ ብቻ እንደተቃጠለ ቁርበት የመሰለ መላጣ አለው። ወጪውን ልጁ በደብተሩ ጀርባ ጽፎት ነበር፤ ከጎመን ገበያ የሚበልጥ አይደለም። ትልቁ ወጪ ልጁ ጠዋትና ማታ ያወጣው ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው።

ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች አንዱ ግን ቁም ነገር አለው፤ ልመልሰው ይገባል። «ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ለዶሮ አዮዲን ማፍሰስ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ያለኝ የማከብረው ወዳጄ ነው። ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ሲቸገር ያየ ሰው ስለሆነ አላላግጥበትም። ነገር ግን ከማን ላይ ተወሰደ? ከየትኛው በሽተኛ? ቁንጥር ጨው፣ ጠብታ አዮዲን፣ አሮጌ አጎበር ነው። ያቺ እናት ራሷ ስትታመም ለካርድ የምታወጣው ገንዘብ ከየት የሚመጣ ይመስለዋል? ከእንቁላል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ልጁ በእነዚያ ሳምንታት ቁስል መንከባከብ ተማረ፣ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አለመንካት ተማረ። ትንሿ እህቱ ጉልበቷ ሲላጥ አጥቦ የጠገነላት እሱ ነው፤ በዚያው የጨው ውሃ።

ነገር ግን ሁሉም ዶሮ ይታከም አላልኩም። አንጀቱ የወጣ፣ አከርካሪው የተሰበረ፣ መብላትም መቆምም አቅቶት ቀን የሚቆጥር ዶሮ ካለ ማሠቃየት ደግነት አይደለም፤ ባንድ ጊዜ ማሳረፍ ነው። በሽታ ደግሞ ከቁስል ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። አንገቱ የሚጠመዘዝ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጠው፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ዶሮ ካያችሁ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ከወደቁ፣ ፈንግልን ጠርጥሩ። ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ፌጦም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሎሚም፣ አረቄም፣ ካፕሱልም አያድኑትም። የሞተውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መናገር፣ እጅና ጫማ መታጠብ። ወንዝ ወይም ቱቦ ውስጥ መጣል አይገባም።

ገበያ ማውጣትማ! ነውር ነው ያልኩት ይህን ነው። ዶሮዎቹ መውደቅ ሲጀምሩ ገና የቆሙትን እግራቸውን አስሮ ቅዳሜ ገበያ የሚያወርድ ሰው የሌላ እናት መንጋ እየገደለ ነው። በበዓል ሰሞን፣ ዶሮ ከየገጠሩ ተጭኖ አንድ ቦታ ሲጠራቀም፣ ፈንግል አብሮ ይሳፈራል። ገዢው ለበዓል የሚሆነውን ያርዳል፣ አንዷን ደግሞ «ለእርባታ» ብሎ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ይለቃል። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያልቃል፣ «ዘንድሮ ዶሮ አልበረክት አለ» ይባላል።

የፈንግል ክትባት አለ። እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ዓይነት አለው፣ ለራስ ምታት ከምንውጠው ኪኒን አይከብድም። ታዲያ ለምን አይከተቡም? አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው፦ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ነው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አሥር ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ የቀረውን ትድፋ? አታደርገውም፣ ልክ ናት። መፍትሔው ዕድር የምንለው ነገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ለቀብር ድንኳን በጋራ የምንገዛ ሰዎች ለዶሮ ጠብታ በጋራ መግዛት እንዴት ያቅተናል? ገብስማው ከውሻ ጥርስ አምልጦ በሚቀጥለው የበዓል ሰሞን በፈንግል ቢሞት ያ ሁሉ ሌሊት ውሃ ማሞቅ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ በኛ ሰፈር አሥራ አራት ቤት ተመዝግበናል፤ የቀበሌው ባለሙያ ብልቃጡን በበረዶ ዕቃ ይዛ ለመምጣት ቃል ገብታለች። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ እኔ በር ላይ። በአቅራቢያ ያላችሁ በውስጥ መስመር የዶሮዎቻችሁን ቁጥር ጻፉልኝ። ጤነኛውን ብቻ አምጡ፤ የታመመ አይከተብም፣ ሰልፉ ላይም በሽታ ያድላል። ጠብታው ከሦስት አራት ወር በኋላ ይደገማል፤ ቀኑን ልጁ በደብተሩ ይይዛል።

ደግሞ አደራ፣ ዓርብ ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ ያዟቸውና በቅርጫት አሳድሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት ስናባርር አንዋል፤ ጉልበቴን ታውቁታላችሁ።