ከምሰሶው ሥር ያለው ጨለማ

ግድብ ሲመረቅ ገጣሚ አይጠፋም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ላለው የሕዳሴ ግድብ የተጻፈው ስንኝ ቢሰበሰብ ስንት ጥራዝ በወጣው! እኔም የድርሻዬን ጽፌአለሁ። ስለ ኃይል ፍሰት ጥናት የተገጠመ ግጥም ግን እስካሁን አላየሁም።

እንዴትስ ይገጠምለታል? አማካሪው የኃይል መሐንዲስ ሲሚንቶ ሲያስቦካ ወይም ምሰሶ ሲያቆም አይታይም። ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የአገርን መስመሮች በቁጥር ይስላል። ይህ መስመር ቢበጠስ ሌላው ሸክሙን ይችለዋልን? ይህች ከተማ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያህል ኃይል ትሻለች? ሲጨርስም ወፍራም ሰነድ አስረክቦ ይሄዳል። መብራት ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ የሚወሰነው ግን ከግድቡ ይልቅ በዚያ ሰነድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከጎንደር መውጣት አያሻም። 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደርና በሸሂዲ አድርጎ፣ መተማን ተሻግሮ እስከ ሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም በደጃችን ያልፋል። ሽቦው በራሱ ላይ አልፎ ማታ በኩራዝ ለሚያመሽ ገበሬ ግን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ተረት ብቻ አይደለም።

መሐንዲሱ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም እውነት ነው። ከዋና መስመር ላይ መብራት እንደ ምንጭ ውኃ አይቀዳም። 230 ሺሁን ቮልት ወደ 33 ወይም ወደ 15 ሺህ የሚያወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ 220 የሚያወርድ የመንደር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለጥቂት አምፖል ሲባል ይህ ሁሉ ወጪ አያዋጣም ይላል ስሌቱ።

የእኔ ሙግት ከስሌቱ ጋር ሳይሆን ወደ ስሌቱ ከሚገባው ቁጥር ጋር ነው። እኛ የባንክ ሠራተኞች ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ዕድሜውን በሬ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረ ሰው ብድር ሲጠይቅ የሒሳብ እንቅስቃሴህን አሳይ ይባላል። ሒሳብ ከፍቶ አያውቅምና በመዝገባችን ዘንድ ዜሮ ነው። የፍላጎት ትንበያም ካለፈ ፍጆታ ብቻ ከተነሣ፣ መብራት አይቶ የማያውቅ መንደር ፍላጎትም የሌለው ይመስላል። እህሉን ግን በናፍጣ ወፍጮ ያስፈጫል፤ ስልኩን ከተማ ወርዶ ከፍሎ ያስሞላል። ይህ ፍላጎት አይደለምን? በቆጣሪ ስላልተለካ ብቻ ማን ጻፈው?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የአገሪቱን የኃይል ሥርዓት ማስፋፊያ ማስተር ፕላን ያጠናው ፓርሰንስ ብሪንከርሆፍ የተባለ የውጭ አማካሪ ድርጅት ነበር። የውጭ ሰው በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ዕውቀት ድንበር የለውም። አማካሪ ግን የሚመልሰው ቢጋሩ የጠየቀውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ በ2025 ለሁሉም ቤት ብርሃን ለማድረስ አልሞ ነበር፤ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከፀሐይና ከመሳሰለው። 2025 አለፈ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቢጋር ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ መስመሩ የሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ስንት ወፍጮ፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ትምህርት ቤት አላቸው? ይህ ከቢሮ ሆኖ አይቆጠርም፤ ዳገት ያስወጣል። ከጎንደርና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በኤሌክትሪክ ምህንድስና የሚመረቁት ልጆች ዳገቱንም፣ የባላገሩንም አነጋገር ያውቁታል።