መነጽሩ ምን አጠፋ?

ፓርኪንሰን ሲባል ሁላችንም የሚታየን የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፡፡ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰንም በ1817 እ.ኤ.አ. ስለበሽታው ሲጽፍ «አንቀጥቃጭ ሽባነት» ብሎ ነው የጠራው፡፡ ዓይንን ግን ማን ያስታውሳል?

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር፡፡ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፡፡ የፓርኪንሰን ታማሚ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ፡፡ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፤ ፊቱም ስሜት አላሳይ ይላል፡፡ እኛ ደግሞ ትርጉም አናጣም! «ጋሼ ምነው አፈጠጡብኝ?»፣ «አኩርፈው ነው»... ጋሼ እኮ ማንንም አላኮረፉም፡፡

ቀጥሎ ማንበብ ያስቸግራል፡፡ ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ ያለ ነገር ላይ አብረው ማነጣጠር ሲያቅታቸው አንዱ መስመር ሁለት ይሆናል፡፡ ዶፓሚን የሚያስፈልገው ለአንጎል ብቻ አይደለም፣ ሬቲናም ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ ግራጫ ደረጃ ላይ ያለው ግራጫ ጠርዝ ይጠፋል፡፡ ቤተሰብስ ምን ያደርጋል? «እርጅና ነው» ብሎ መነጽር ቤት ይወስዳል፡፡ አልሆነም፣ ሌላ መነጽር! ሁለት ሁለት ለሚታየው ሰው ፕሪዝም ያለው ሌንስ ሊረዳ ይችላል፤ ግን ያን የሚያዝ ሐኪም በሽታውን ማወቅ አለበት፡፡

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው፡፡ የነርቭ ሐኪሙ እጅ ያያል፣ የዓይን ሐኪሙ ዓይን ያያል፤ ሰውየው መሃል ላይ ይወድቃል፡፡ ለመንቀጥቀጡ የሚታዘዘው አርቴን እይታን ያደበዝዛል፣ ለአንዳንድ የግላኮማ ዓይነቶችም አደገኛ ነው፡፡ የዓይን ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት፡፡

ደግሞ ፓርኪንሰን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ በሽታ አለ፤ ፒኤስፒ ይሉታል፡፡ ዓይን ወደ ታች ማየት ያቅተዋል፡፡ ትሪ ላይ ያለው ወጥ አይታይም፣ የደረጃው መጨረሻ አይታይም፡፡ ደጋግሞ ወደኋላ የሚወድቅ፣ ወጥ ልብሱ ላይ የሚያንጠባጥብ ሰው «ግድ የለሽ ሆነ» ከመባሉ በፊት ዓይኑ ይታይለት!

በጣም የሚደበቀው ግን የሌለ ነገር ማየት ነው፡፡ አባት «ጥግ ላይ ድመት አለች» ሲሉ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በር ይዘጋል፡፡ ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ሐኪሙም ግን ይስማ፡፡ መድኃኒቱን በገዛ እጅ ማቆም ሳይሆን በሐኪም ማስተካከል አንዳንዴ ድመቷን ያባርራታል፡፡