መቃብሩን ላላዩ ኀዘንተኞች

ኀዘን የማይገባበት ቤት የለም፤ ነገር ግን ኀዘን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሽተኛውን አስታሞ፥ ዓይኑን ከድኖ፥ ገንዞ የቀበረ ሰው፥ ምንም እንኳ ልቡ ቢሰበር፥ «የሚገባውን አድርጌለታለሁ» የሚል መጽናኛ አለው። ልጁ በሩቅ አገር ሞቶ መቃብሩን እንኳ ያላየ ወላጅ ግን ይህ መጽናኛ ይጎድለዋል። በዚህ ወር ልንነጋገር የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ኀዘን ነው።

እኔ በማስተምርበት በአብርሃ ጅራ ይህ ኀዘን እንግዳ አይደለም። የምዕራብ አርማጭሆ ምድር ቆላ፥ ሰብሉም ሰሊጥና ማሽላ ነው። ሰሊጥ ደርቆ ፍሬው ከተከፈተ ይረግፋልና አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ብዙ ጎልማሶች ከደጋው ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። ከእነርሱም ወባ የሚጥለው፥ ካላዛር የሚያመነምነው አለ። የሞተውን ጓደኞቹ በአቅራቢያው ካለ ቤተ ክርስቲያን ይቀብሩታል፤ በማግሥቱም ማጭዳቸውን ይዘው ወደ እርሻው ይመለሳሉ። ይህን የሚያደርጉት ጨክነው አይደለም፤ ሰሊጡ ስለማይጠብቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጇን መቃብር ፍለጋ ከደጋ ወደዚህ መጥታ ነበር። የቤተ ሰቡ ቍጥር የተመዘገበው በልጁ ስልክ ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ፥ ስልኩም ስለ ጠፋ፥ መርዶው የደረሳት ልጁ ካረፈ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቀባሪዎቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል። በቅጽረ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ብቻ የተደረገባቸው አዳዲስ መቃብሮች ብዙ ስለ ነበሩ፥ የልጇን ለይቶ የሚያሳያት ሰው አልተገኘም። እርስዋም ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች «በየትኛው ላይ ላልቅስ?» ትል ነበር።

አንድ አረጋዊ ካህን ቀረቡና «ልጄ፥ የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። «እንግዲያስ መቃብሩን እኛ ባናውቀው፥ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ስሙን ነገ በቅዳሴ ጊዜ በጸሎት እናነሣዋለን፤ አንቺም መጥተሽ ቁሚ» አሏት። በማግሥቱ ቆማ አስቀደሰች። ስትሄድ እንባዋ አልደረቀም ነበር፤ ነገር ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መዞሯን ትታ ነበር።

የካህኑ ቃል ከቅዱስ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴ በሞዓብ ምድር ባረፈ ጊዜ መቃብሩን የሚያውቅ ሰው እንዳልተገኘ ኦሪት ዘዳግም በ34ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። እስራኤል ግን የሚቆሙበት መቃብር ሳይኖራቸው 30 ቀን አለቀሱለት። ከብዙ ዘመን በኋላ ያ መቃብሩ ያልታወቀው ሙሴ በደብረ ታቦር ከኤልያስ ጋራ በጌታችን ፊት ቆሞ ታየ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆቻችን ጅራፍ እያጮኹ የሚያከብሩት በዓል ይህን ያሳስበናል፤ ከሰው ዓይን የተሰወረ መቃብር ከእግዚአብሔር ዓይን አይሰወርም።

ይህም ነገር በድኻ ብቻ የደረሰ አይደለም። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚሁ ቆላ፥ በመተማ፥ ከድርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት በሚመለሱት ላይ ጠላት ደርሶ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እንግዲህ በአገር መሬት፥ በወገን እጅ አለመቀበር የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት አይደለምና፥ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ራስዋን የምትከስ እናት ይህን ታስብ።

ማልቀስም ኀጢአት አይደለም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች የከለከላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ እንጂ ከቶ እንዳያዝኑ አይደለም። ፊትን መንጨትና ደረትን መድቃት ግን ለሟቹ አይጠቅመውም። ንጉሥ ዳዊት ልጁ እንደ ሞተ ባወቀ ጊዜ ከምድር ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ልብሱን ለውጦ፥ አስቀድሞ የሄደው ወደ እግዚአብሔር ቤት ነው፤ እንጀራም የቀመሰው ከሰገደ በኋላ ነው። የኀዘን ሥርዓት ከዚህ ይማሩታል።

ስለዚህ መርዶ የደረሰው ቤተ ሰብ አስከሬኑ ስላልመጣ ጸሎቱን አያስቀር። ዕለቱን ለንስሐ አባቱ ነግሮ የሟቹን የክርስትና ስም ይስጥ። ሦስተኛው፥ ሰባተኛው፥ ዐሥራ ሁለተኛው፥ ሠላሳኛው፥ አርባኛውና ሰማንያኛው ቀን፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ሟች በጸሎት የሚታሰብባቸው ቀኖች ናቸው፤ መርዶው ዘግይቶ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቢያልፉ፥ ስለ ቀሪው የንስሐ አባቱን ያማክር። ለተዝካርም ብሎ የእርሻ በሬውን አይሽጥ። ከቤቱ በተገኘው ድኾችን ቢያበላ፥ ወላጅ የሌለውን ልጅ ቢያለብስ፥ ይህ ስለ ሟቹ የቀረበ ምጽዋት ነው።

ልጃችሁ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ የክርስትና ስሙን፥ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያንና የቤቱን የስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ለአንድ ታማኝ ጓደኛውም ያስታውቅ። በዚህ በቆላው የምንኖር እኛም መንገደኛውን ስንቀብር በድንጋዩ ላይ ስሙን ብንጽፍበት፥ አንዲት እናት በመጣች ጊዜ የምታለቅስበትን ታውቃለች።

እግዚአብሔር በሰው አገር የቀሩትን ወገኖቻችንን ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ መቃብራቸውን ላላዩትም መጽናናትን ይስጥልን፤ አሜን።