ማሆምስን የጣለው ብሊትዝ አይደለም

አብዛኞቻችሁ አሜሪካን ፉትቦል እንደማታዩ እናውቃለን። ሱፐር ቦውል እኮ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8:30 ገደማ ነው የሚጀምረው፤ ማን ይጠብቀዋል! ግን የፕሪሚየር ሊግ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው ክርክር እዚያም አለ፦ ኳስ በያዘው ሰው ላይ ጫና ለመፍጠር ስንት ሰው ይላክ?

መጀመሪያ ነገሩን እናፍታታው። በየጎኑ 11 ተጫዋች አለ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ሰው ነው። ፊቱ 5 ግዙፍ ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። ተከላካዩ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰው ይልክበታል፣ የቀሩት 7 ደግሞ ኳስ ተቀባዮቹን ይይዛሉ። 5 ወይም ከዚያ በላይ ከላከ ብሊትዝ ይባላል። ኳርተርባኩን ሳይወረውር ከነኳሱ ከጣሉት ሳክ ነው።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን አይደል? የብሊትዝ ሂሳብም ይኸው ነው። ችግሩ ተጨማሪው ሰው ከሰማይ አይወርድም፣ ከኋላ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። 6 ከላክ ከኋላ 5 ብቻ ይቀሩሃል፤ ኳስ ተቀባዮቹም 5 ሊሆኑ ይችላሉ። ከተከላካዮቹ አንዱ ከተንሸራተተ በቃ፣ ሜዳው ክፍት ነው። ከፍ ብሎ ፕረስ የሚያደርግ ቡድን በአንድ ረጅም ኳስ ጉድ ሲሆን አይታችሁ የለ? እሱው ነው።

አሁን ወደ ኒው ኦርሊንስ እንሂድ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በተከታታይ 3ኛውን ዋንጫ ሊወስድ ነው የመጣው። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ ነው፣ በዘመኑ የሚፈራ ሰው። የፊላደልፊያ ኢግልስን መከላከል የሚመራው አንጋፋው ቪክ ፋንጂዮ ደግሞ ስንት ጊዜ ብሊትዝ አዘዘ መሰላችሁ? ዜሮ። በሙሉ ጨዋታው አንድም ጊዜ! ማሆምስ ግን 6 ጊዜ ሳክ ተደረገ። እረፍት ሲወጡ 24 ለ 0 ነበር፣ መጨረሻው 40 ለ 22።

4 ሰው እንዴት 5 ጠባቂን አሸነፈ? ሰዎቹ ስለሚበልጡ ነዋ። ጆሽ ስዌት፣ ሚልተን ዊሊያምስ፣ ጄለን ካርተር እየተፈራረቁ ገቡበት። የቺፍስ የግራ ጠባቂ በበኩሉ ቦታው አልነበረም፤ ጆ ቱኒ ከመሀል ተነስቶ ነው እዚያ የቆመው። ማሆምስ ከሚሯሯጡት 4 ቢያመልጥም ቀና ሲል ሜዳው በ7 ሰው ተሞልቷል። ለማን ይወርውር? ያን ቀን 22 ዓመት የሞላው ኩፐር ዲጂን አንዱን ኳስ ቀምቶ 38 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። የልደት ስጦታ ይሏል ይሄ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ታምፓ ቤይ ይህንኑ ማሆምስን 31 ለ 9 ሲቀጣው፣ በብሊትዝ የሚታወቀው ቶድ ቦውልስ ያን ቀን እጁን ሰብስቦ ነበር።

እና ብሊትዝ ሞቷል እያልን ነው? አይደለም። የሚኒሶታው ብራያን ፍሎሬስ በ2023 ውድድር ዘመን ኳርተርባኩ ሊወረውር በተዘጋጀባቸው ጨዋታዎች ከግማሽ በላይ ብሊትዝ ልኳል። የሱ ብልሃት ማደናገር ነው፦ 6 ወይም 7 ሰው መስመሩ ላይ ይደረድርና አንዴ ሁሉንም ይለቃል፣ አንዴ 3 ብቻ ልኮ ሌሎቹን ወደ ኋላ ይመልሳል። ኳርተርባኩ የትኛው እንደሚመጣ ሳያውቅ ኳሱን ይቀበላል። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፣ እኛ በግላችን እንወደዋለን። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በ4 ሰው ብቻ መድረስ የሚችል አሰልጣኝ ይህን ያህል ቁማር ባልተጫወተ ነበር።

ለዚህ ነው ብሩ ወደዚያ የሚፈሰው። ኦገስት 2025 ላይ ግሪን ቤይ ፓከርስ ማይካ ፓርሰንስን ከዳላስ ካውቦይስ ወሰደ። ዋጋው፦ ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫ፣ አንድ ነባር ተጫዋች፣ ከዚያ ለራሱ ለፓርሰንስ የ4 ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር ውል። በአማካይ በዓመት 47 ሚሊዮን ማለት ነው። የዚያ ዓመት የአንድ ቡድን የደሞዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ነበር፤ አካፍሉት እስቲ። ኳርተርባክ ላልሆነ ሰው! ፓከርስ የገዛው ሳክ ብቻ አይደለም፣ ከኋላ ሰው ሳይቀንስ ጫና መፍጠርን ነው።

ቺፍስም ትምህርቱን ወስዷል፦ ቱኒን ወደ ቺካጎ ላከ፣ በ2025 የመጀመሪያ ምርጫውም የግራ ጠባቂ የሆነው ጆሽ ሲመንስ ነበር።

የፓከርስ ስሌት ግን ዲሴምበር 2025 ዴንቨር ላይ ተናጋ። የፓርሰንስ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ፣ የውድድር ዘመኑም እዚያው አበቃ። 47 ሚሊዮኑ ተቀምጦ፣ መከላከሉን የሚመራው ሰው ወደዚያችው ጥያቄ ተመለሰ፦ ከኋላ ማንን ልቀንስ?