ዘፈኑ የማን ነው?

ከመተማ ወደ ገላባት የሚሻገር መንገደኛ ወረቀቱን ማሳየት፣ ዕቃውን ማስፈተሽ አለበት። ዘፈን ግን ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በሱዳን፣ የመሐመድ ወርዲ ዜማ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተወደደው በዚሁ አኳኋን ነው። የድምፃውያኑን ስም የማያውቅ የለም። የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ግን ስንቱ አድማጭ ያውቃል? በካሴት ዘመን እንኳ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ሲሞላ የገጣሚው ስም በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጻፍም። ዛሬ በእጅ ስልክ ሽፋኑም ቀርቷል።

ለዚህ አሳታሚውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከጥፋቱ ከፊሉ የባለሙያው የራሱ ይሉኝታ ነው። ልብስ ሰፊ ዋጋውን ሲናገር አያፍርም፤ ገጣሚው ግን «ስሜ ይጻፍልኝ» ማለት ልመና ይመስለዋል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ብዙዎቹ ስማቸውን አላኖሩም ይባል ይሆናል። እነርሱ ዋጋቸውን የሚጠብቁት ከፈጣሪ ነበር፤ አሳታሚ ፈጣሪ አይደለም። በቅኔ ቤትስ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ እንደ ሌባ አይቆጠርምን? እንግዲያው የደራሲ መብት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉን ተሳስተዋል።

ሕጉም አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት ደንግጎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ከገንዘቡ ጥቅም ሌላ፣ የሥራ አመንጪ ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «የመጠየቅ» የሚለውን ልብ ይሏል፤ ሕግ ያልጠራውን ሰው ደጃፍ አያንኳኳም። ገጣሚው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ስሙ የት እንደሚጻፍ፣ ስንት እንደሚከፈለው በጽሑፍ ይዋዋል፤ ዘፋኙ ወዳጁ ቢሆንም እንኳ።