ቅርጹ አንድ፣ ችሎታው ብዙ፦ በታይፕ ሲ ላይ ስለ ተጣለው እምነት

«ታይፕ ሲ ያለው ኮምፒውተር ሁሉን ይችላል» የሚለው አባባል ከመርካቶ ሱቆች እስከ ደብረ ታቦር ቢሮዎች ድረስ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ሆኗል፤ የግዥ ዝርዝርም ብዙ ጊዜ የፖርቱን ስምና ብዛት ጠቅሶ ያልፋል እንጂ ፖርቱ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። የዚህ ልማድ ስሕተት የማገናኛውን ቅርጽና በማገናኛው ውስጥ መረጃ የሚያልፍበትን የማስተላለፊያ ደረጃ እንደ አንድ ነገር መቁጠሩ ነው።

ታይፕ ሲ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ 24 የመገናኛ ነጥቦች ያሉት፣ ተገልብጦ ቢሰካም የሚሠራ ቅርጽ ነው። በዚሁ ቅርጽ ውስጥ በ2000 የወጣው፣ በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ዩኤስቢ 2.0 ሊኖር ይችላል፤ በ2019 የወጣውና 40 ጊጋቢት የሚደርሰው ዩኤስቢ 4ም እንዲሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰማንያ እጥፍ በላይ ሲሆን ዓይን ግን አይለየውም። አፕል በ2023 ባወጣው አይፎን 15 ላይ ተራው ስልክ በ480 ሜጋቢት ሲወሰን ፕሮ የተባለው 10 ጊጋቢት እንዲደርስ መደረጉ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ደረጃውን የሚያወጣው የአምራቾች ማኅበርም ግራ መጋባቱን አባብሶታል፤ በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣውን የ5 ጊጋቢት ፍጥነት በኋላ የ3.1፣ ቀጥሎም የ3.2 የመጀመሪያ ትውልድ ብሎ ስለ ሰየመው፣ ሻጩ «3.2 ነው» ሲል ሳይዋሽ ገዢው ይታለላል።

በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ በቆየበት ወቅት፣ ሰነድና ምስል ከቦታ ወደ ቦታ የማድረሱ ሸክም በፍላሽና በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ መውደቁ የማይቀር ነበር። መቶ ጊጋባይት መረጃ በዩኤስቢ 2.0 ሲገለበጥ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ዲስኩም፣ ገመዱም፣ ፖርቱም 10 ጊጋቢት የሚችሉ ከሆነ ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከሦስቱ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል፤ ከስልክ ጋር የሚመጣው የቻርጀር ገመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዩኤስቢ 2.0 አያልፍም።

ኪሳራው ይበልጥ የሚከፋው በዶኪንግ ስቴሽን፣ ማለትም ስክሪንን፣ ኪቦርድን፣ የኔትወርክ ገመድንና የኤሌክትሪክ ኃይልን በአንድ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ ላይ ነው። ምስል እንዲያልፍ ፖርቱ ራሱ የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ማውጣት አለበት፤ ብዙ ታይፕ ሲ ፖርቶች ግን መረጃ ብቻ ያስተላልፋሉ። እንዲህ ካለው ፖርት ጋር የተሰካ ውድ ዶክ ስክሪኑን ጨለማ ትቶ ማውስና ኪቦርድ ብቻ ያሠራል። ዲስፕሌይ ሊንክ የተባለው ዘዴ ይህን ችግር ቢያልፈውም ሶፍትዌር መጫንን ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩንም ያደክማል። ዛሬ የሚናቀው አሮጌው የምስል ማገናኛ ቪጂኤ በዚህ በኩል ይሻል ነበር፤ ምስል ከማውጣት ሌላ ሥራ ስለሌለው ያየው ሰው አይሳሳትም።

የእምነቱ ደጋፊዎች የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ታይፕ ሲን በስልኮችና በሌሎች ትናንሽ መሣሪያዎች ላይ ማስገደዱን ይጠቅሳሉ፤ ሆኖም ድንጋጌው የሚገዛው ባትሪ መሙላትን ሲሆን የመረጃ ፍጥነትንም ሆነ የምስል ውጤትን አያስገድድም። «ዝርዝር መጻፍ ዋጋ ያስወድዳል» የሚለው መከራከሪያም ሚዛን አይደፋም፤ ሳይሠራ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ዶክ ከማንኛውም ዋጋ ይበልጣልና። የግዥ ሰነድ የፖርቱን ፍጥነት በጊጋቢት፣ የሚቀበለውን ኃይል በዋት፣ የሚያወጣቸውን ስክሪኖች በቁጥር ቢያሰፍር፣ የርክክብ ኮሚቴውም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ከቀረቡት ላፕቶፖች አንዱን ከዶኩና ከሁለት ስክሪን ጋር ሰክቶ አንድ ትልቅ ፋይል ቢገለብጥ፣ ፍተሻው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።