«በሞቴ» ማለት ይብቃን!

በሮቫ ዩድ-አሌፍ ሠርግም ሆነ ልቅሶ ቤት ስንሄድ፣ ቀድሞ የሚቀርበው የለስላሳ ጠርሙስ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት «ይቅርብኝ ልጄ» ሲሉ፣ «በሞቴ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ!» እንላለን። ይህ አክብሮት ነውን? በአንድ ብርጭቆ ኮካ ኮላ ውስጥ አምስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። በሽተኛን ለምኖ ማሳመም አክብሮት አይባልም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በእንጀራ ላይ ይጥላሉ። እንጀራ ምን አጠፋ? በጎንደር ገጠር የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ እየበላን፣ ወንዝና ገበያ በእግራችን ስንወርድ ስኳር የሚባል ሕመም ብርቅ ነበር። እዚህ ግን ጤፍ ሲወደድብን በነጭ የስንዴ ዱቄት መጋገር ለመድን፤ እርሱ ደግሞ በደም ውስጥ ቶሎ ስኳር ይሆናል። በእግር መሄዱንም ለአውቶቡስ ተውነው።

እንጀራን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ መመጠን ግን የግድ ነው፤ ጤፉም ቢሆን ሲበዛ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የሰሃኑን ግማሽ ለጎመንና ለሰላጣ፣ ሩቡን ለምስር ወይም ለዶሮ፣ ሩቡን ብቻ ለእንጀራ እንስጥ።

ዶክተር አናት ያፌ በ1998 እ.ኤ.አ. ቴኔ ብሪዑትን ሲመሠርቱ፣ ትምህርቱ በቋንቋችንና በምግባችን እንዲሰጥ ነበር። እኛም በኩፓት ሖሊም የምግብ ባለሙያዋን ስናገኝ፣ «አትብሉ» የሚለውን ወረቀት ብቻ ይዘን አንመለስ፤ የምንበላውን ነግረን በልኩ እንድታቅድልን እንጠይቅ። ቤታችን ለመጣ እንግዳም አስቀድመን ውሃ እንቅዳ!